ኦክስጅኑ ከዜሮ በታች ለወረደባት ተማሪ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ናት። የምታጠናው ከአዲስ አበባ ደቡብ ዳር ተነስቶ ወደ አቃቂ የሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት ነው። የአንድ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ፍሳሽ ማጣሪያ ውሃውን የሚለቀው እዚህ ጅረት ውስጥ ነው። ፍሳሽ የገባበት ጅረት ኦክስጅኑ እንዴት እንደሚወርድና እንደሚያገግም የሚያሰላውን የስትሪተር–ፌልፕስን ቀመር ኤክሴል ላይ ስትሠራ የተሟሟው ኦክስጅን ከዜሮ በታች 3.2 ሚሊግራም በሊትር ሆነባት። ከመልቀቂያው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ወረድ ብሎ ያለው ድልድይ ጋ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ በመለኪያ ስትለካው ግን 4.6 አገኘች። አማካሪዋ «ሞዴልሽ ተሳስቷል፣ ጅረቱ ደህና ነው» አሏት። «ስህተቴ የቱ ጋ ነው? ጅረቱ ደህና ነው ብዬስ መጻፍ እችላለሁ? በዚህ ውሃ አትክልት የሚያለሙት ገበሬዎችም እየጠየቁኝ ነው» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን በሙሉ ስለላክሽ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ሞዴሌ አልሠራ አለ» ብቻ ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ለመርዳትም ይከብዳል።

ኤክሴልሽ ደህና ነው። ቀመሩንም በትክክል ጽፈሽዋል። የተሳሳቱት ውስጡ ያስገባሻቸው ሁለት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ የአንቺ ጅረት ቁጥሮች አይደሉም፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ግን እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዜሮ በታች የወረደው ቁጥር አይደለም። 4.6ቱ ነው።

ከመነሻው እንሂድ። ጅረቱ ከመልቀቂያው በላይ በሰከንድ 300 ሊትር ይዞ ይመጣል፤ የ5 ቀን ቢኦዲው (ባክቴሪያው በ5 ቀን ውስጥ ቆሻሻውን ሲበላ የሚጨርሰው ኦክስጅን) 10፣ የተሟሟው ኦክስጅን 5.2 ነው (ሁሉም ሚሊግራም በሊትር ነው፣ ከዚህ በኋላ አልደጋግመውም)። ከማጣሪያው በሰከንድ 50 ሊትር ይጨመርበታል፤ ቢኦዲው 150፣ ኦክስጅኑ 0.5። 300ን በ10፣ 50ን በ150 አባዝተሽ ደምሪና ለ350 አካፍዪው፣ 30 ይመጣል። ኦክስጅኑም በዚሁ ስሌት 4.5 ነው። 30ው የ5 ቀን ቢኦዲ ስለሆነ፣ አንቺ እንዳደረግሽው የመበላቱን ፍጥነት በቀን 0.23 ይዘን፣ ቆሻሻው ተበልቶ እስኪያልቅ ወደሚፈልገው ሙሉው ቢኦዲ ስንቀይረው 44 ይሆናል። እስከዚህ ምንም ስህተት የለብሽም። ብዙ ተማሪ የ5 ቀኑን እንዳለ ይከትና ጅረቱን ከሆነው በላይ ጤነኛ ያደርገዋል፣ አንቺ ግን አልዘለልሽውም።

በነገራችን ላይ 150 ለ«ተጣራ» ውሃ ብዙ ነው። እኛ ከተማ ሰው የሚጠቀመው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ፍሳሹ ወፍራም ነው። አንድ ሰው በቀን 40 ግራም ቢኦዲ ቢያወጣና 80 ሊትር ውሃ ቢጠቀም ጥሬው ፍሳሽ 500 ይሆናል ማለት ነው። ከ500 ወደ 150 ማውረድ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን በደንብ የሚሠራ ማጣሪያ ወደ 30 ያወርደዋል።

አሁን ወደ ቀመሩ እንግባ። ስትሪተርና ፌልፕስ ይህን ቀመር ያወጡት በአሜሪካ የኦሃዮ ወንዝ ላይ ነው፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1925። ሐሳቡ ቀላል ነው። ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ሮቶ አስቢ። ከታች ቧንቧው ተከፍቷል፣ ከላይ ከመስመር ውሃ ይገባል። የሚወጣው፣ ባክቴሪያው ቆሻሻውን ሲበላ የሚጨርሰው ኦክስጅን ነው፤ የዚህን ፍጥነት ኬ-ዲ እንበለው። የሚገባው፣ ከአየር ወደ ውሃው የሚሟሟው ኦክስጅን ነው፤ እሱን ደግሞ ኬ-ኤ። ሮቶው በጎደለ ቁጥር ተንሳፋፊው ይበልጥ ስለሚከፈት ከላይ የሚገባው ይጨምራል። ስለዚህ ኦክስጅኑ መጀመሪያ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ላይ የመጨረሻ ዝቅታው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያገግማል። ግራፉ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ የሚለው ለዚህ ነው።

ቀመሩ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሮቶው ባዶ መሆኑን አያውቅም። ኦክስጅኑ አለቀ አላለቀ ባክቴሪያው በዚያው ፍጥነት መብላቱን የሚቀጥል ይመስለዋል፣ ስለዚህ ከሌለው ላይ መቀነሱን ይቀጥላል። እውነተኛው ጅረት ውስጥ ግን ኦክስጅን ሲያልቅ ነገሩ ይለወጣል። ባክቴሪያው መጀመሪያ ወደ ናይትሬት፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ሰልፌት ይዞራል፤ ያኔ ነው ጭቃው የሚጠቁረውና ውሃው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ጅረቱ በእውነት ታፍኗልና ቀመሩ ከዚያ ወዲያ አይሠራም፣ ወይ ያስገባሽው ቁጥር የዚያ ጅረት አይደለም። ያንቺ ሁለተኛው ነው።

ኬ-ኤን በቀን 0.46 አድርገሻል። ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ነው። ያ ሠንጠረዥ ላይ 0.46 የተጻፈው ለትልልቅ ወንዞች ነው። ያንቺ ጅረት ግማሽ ሜትር ነው ጥልቀቱ! ሱሪሽን ጠቅልለሽ ትሻገሪዋለሽ። ውሃ ጥልቀት በሌለው ቁጥር ከሥሩ እስከ ላዩ ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል፣ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ኦክስጅን ይወስዳል። እንዲህ ላሉ ጥልቀት የለሽ ጅረቶች የሚሆነው የኦወንስ–ጊብስ ቀመር ነው። ፍጥነቱን በ0.67 አርቢ፣ ጥልቀቱን በ1.85 አርቢ አውጪ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዪና በ5.32 አባዢው። በ0.25 ሜትር በሰከንድና በ0.5 ሜትር 7.6 ይሰጥሻል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የኦኮነር–ዶቢንስ ቀመር 5.6 ይሰጣል፣ እሱ ግን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሆነ ጥልቀት ይሻላል። ከሁለቱ የትኛውንም ብትወስጂ፣ 0.46 ከዐሥር እጥፍ በላይ አንሷል።

ይህን ስህተት ያለ ቀመርም ልትይዥው ትችይ ነበር። በራስሽ ቁጥር ዝቅተኛው ነጥብ የሚመጣው ከ2 ቀን ተኩል በኋላ ነው። ውሃው በቀን 21.6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሲባዛ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። እስቲ ካርታው ላይ አስቢው። ያንቺ ጅረት 55 ኪሎ ሜትር ከመሄዱ ብዙ በፊት አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ገብቷል። ሐይቅ ውስጥ ደግሞ የጅረት ቀመር አይሠራም። ሞዴል በሠራሽ ቁጥር ይህን ልማድ አድርጊው፤ ዝቅተኛው ነጥብ የት ሰፈር ላይ ነው የወደቀው? ሰፈሩ ጅረቱ ላይ ከሌለ ቁጥርሽን ፈትሺ።

ሁለተኛው ስህተት የሙሌቱ ነው። ውሃው በ20 ዲግሪ ሲጠግብ 9.1 ይይዛል ብለሻል። ትክክል ነው፣ ባሕር ጠረፍ ላይ። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን የሚያስገባው ግፊትም አነስተኛ ነው። በ2,100 ሜትር ከፍታና በ20 ዲግሪ የጠገበ ውሃ የሚይዘው 7 አካባቢ ብቻ ነው። ይህቺን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የእኛ ጅረቶች ገና ምንም ቆሻሻ ሳይገባባቸው፣ ቆላ ካለ ተመሳሳይ ጅረት ያነሰ ስንቅ ይዘው ነው የሚነሱት። ዓሣ በደንብ እንዲኖር 5 ይፈለጋል ከተባለ፣ ለእኛ መጠባበቂያው 2 ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀለል ያለ ነው። ለኬ-ዲ የተጠቀምሽው 0.23 የጠርሙስ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ፀጥ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ማለት ነው። ጅረት ውስጥ ድንጋዩ ሁሉ ባክቴሪያ ለብሷል። እጅሽን ከትተሽ ድንጋዩን ብታሺው የሚያሙለጨልጨው እሱ ነው፤ ቆሻሻ የሚበላ ንብርብር ነው። ስለዚህ መብላቱ ይፈጥናል። በጥልቀት የሚያስተካክል የተለመደ ቀመር አለ፣ ለግማሽ ሜትር በቀን 0.6 ገደማ ይሰጣል።

በአዲሶቹ ቁጥሮች ስሠራው እንዲህ ሆነ። ዝቅተኛው ነጥብ ከ5 ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ላይ ነው። ድልድይሽ ጋ ማለት ነው! ኦክስጅኑ 3.9።

እዚህ ጋ ነው እንድትጠነቀቂ የምፈልገው። «እንግዲያው 3.9 እና 4.6 ተቀራረቡ፣ ሞዴሉ ሠራ» ልትይ ትችያለሽ። አትበይ። ሞዴልሽ ገና ያልቆጠራቸው ነገሮች አሉ፣ ልኬትሽም የተወሰደው ጅረቱ በጣም ባማረበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ቦታ ላይ ስለተገናኙ እንጂ እውነቱ ስለተገኘ አይደለም።

መጀመሪያ መለኪያሽን እንፈትሽ። መለኪያው ሲስተካከል የግፊቱ ወይም የከፍታው ቁጥር ገብቶበታል? ካልገባበት፣ መሣሪያው አየር ላይ ሲስተካከል 7 ማለት ያለበትን 9.1 ይላል፣ ከዚያ ያነበበው ሁሉ በ30 ከመቶ ይጋነናል። ያኔ 4.6 ያልሽው 3.5 ነው፣ ከላይ 5.2 ያልሽውም 4 ብቻ ይሆናል። የምትፈትሺው ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ባልዲ ያዢ፣ ንጹሕ ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ ከፍ አድርገሽ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ገልብጪው፣ ትንሽ ይረጋና መለኪያውን ክተቺ። በ20 ዲግሪ 7 አካባቢ ካለሽ ደህና ነው። 9 ካለሽ የሰበሰብሽውን መረጃ በሙሉ ማስተካከል ይኖርብሻል። አይክፋሽ፣ ቁጥሮቹን በአንድ ቋሚ ማባዛት ብቻ ነው፣ መረጃው አልጠፋም።

ከዚያ ሰዓቱ። ቀን ላይ ፀሐይ አለ። ጅረቱ ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሠራል፣ ማታ ደግሞ እሱ ራሱ ይተነፍስና ይወስዳል። ፍሳሽ የሚገባበት ጅረት በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የወፈረ ስለሆነ አልጌው ብዙ ነው። ከፍተኛው ከሰዓት በኋላ 8፣ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ዝቅተኛው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። አንቺ የለካሽው 9 ሰዓት ላይ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። በከተማው ሌላ ዳር ላይ፣ ተመሳሳይ ጅረት ነበር። ከሰዓት ከሰዓት እየሄድን ስንለካ ከ4 በታች ወርዶልን አያውቅም። በሞተር ፓምፕ ጎመንና ቆስጣ የሚያጠጡ አንድ አባት ነበሩ፣ መለኪያውን ሲያዩ ቆዩና «እናንተ የምትመጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይሸታል፣ ረፋድ ላይ ይለቀዋል» አሉን። በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሄድን። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ውሃው ላይ ጉም ነገር ተኝቷል። የእንቁላሉ ሽታ ከድልድዩ ሳንወርድ ነው የተቀበለን። መለኪያውን ስንከተው 3 አለ፣ 2 አለ፣ እየወረደ ሄዶ ከ1 በታች ቆመ። ያው ድልድይ፣ ያው ቦታ ነው። ድንጋዩን ስናነሳ ሥሩ ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ እንደ እርጥብ ጥጥ የሚመስል ግራጫ ነገር ተጣብቆበታል፣ ውስጡ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ። እነዚያ ትሎች ቀይ የሆኑት በደማቸው ባለው ሄሞግሎቢን ነው፣ ኦክስጅን በጠፋበት የሚኖሩትም ለዚያ ነው። ሌላ ነፍሳት አልነበረም። ድንጋዩ የሚነግርሽ የንጋቱን ነው፣ የ9 ሰዓቱን አይደለም። እዚያ የሚኖር ትል ማታም እዚያው ነዋ።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺና ሂጂ። ብቻሽን ግን አይሆንም፣ ሰው ይዘሽ። ከተቻለ በየሁለት ሰዓቱ ለ24 ሰዓት ለኪ፤ ካልተቻለ ንጋትና 9 ሰዓት ብቻ ይበቃል። ከፍሳሹ በላይ ያለውንም በዚያው ሰዓት ለኪው። 5.2ሽም የቀን ቁጥር ነውና።

አሁን ሞዴልሽ ያልቆጠራቸው ሁለት ነገሮች። አንደኛው ሥር ያለው ዝቃጭ ነው። ከመልቀቂያው በታች ውሃው ዝግ የሚልበት ቦታ ላይ ጥቁር ለስላሳ ጭቃ ካለ፣ እሱም ኦክስጅን ይበላል። በካሬ ሜትር በቀን 4 ግራም ቢወስድ፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ሊትር በቀን 8 ሚሊግራም ማለት ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከ3.9 ላይ 0.8 ያህል ይቀንሳል። ጥልቀት ማነሱ እዚህ ጋ ጠላት ነው፤ ከላይ አየር ቶሎ ያስገባል፣ ከሥር ደግሞ ዝቃጩ ከትንሽ ውሃ ላይ ነው የሚወስደው።

ሁለተኛው አሞኒያ ነው፣ እሱን ጭራሽ አልላክሽልኝም። 1 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ሲቀየር 4.57 ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። ፍሳሹ 30፣ ጅረቱ ከላይ 2 አለው ብዬ ልገምት። ሲቀላቀል 6 ነው፤ በ4.57 ሲባዛ 27 የሚሆን ተጨማሪ ዕዳ። በቀን 0.4 ፍጥነት ድልድዩ ጋ 1.1 ያህል ይቀንሳል። አሁን 2 ላይ ደረስን። እሱም የቀኑ አማካይ ነው። ከሰዓት በኋላ አልጌው ከፍ አድርጎ 4.6 ቢያደርሰው አይደንቀኝም፣ ንጋት ላይ ከ1 በታች ቢወርድም አይደንቀኝም። ኦክስጅኑ በጣም ሲያንስ አሞኒያውን የሚቀይሩት ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን ስለሚያቀዘቅዙ ቁጥሩ እንደ ስሌቱ በቀጥታ አይወርድም፣ ግን አቅጣጫው ይሄ ነው።

የአሞኒያው ነገር ለውሳኔም ያስፈልጋል። ማጣሪያው ተስተካክሎ ቢኦዲውን ከ150 ወደ 30 አወረደ እንበል። በቀላሉ ቀመር ድልድዩ ጋ ከ3.9 ወደ 5.4 ከፍ ይላል። ጥሩ ነው! ግን አሞኒያውን ካልነካው 1.1ዱ እዚያው ይቀመጣል። ቢኦዲ ብቻ አይቶ «ደረጃውን አሟልቷል» የሚል ሪፖርት ጅረቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል።

ፍሳሹን ስንት ጊዜ ነው የለካሽው? አንድ ጊዜ ከሆነ አይበቃም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ውሃ በመጣበት ቀን ሁሉም ልብስ ያጥባል፣ ቤት ያጥባል፣ ፍሳሹም ያን ቀን ይጎርፋል። ፈረቃው ባልሆነበት ቀን ትንሽ ግን ወፍራም ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተር ከሌለ አየር የሚነፋው ማሽን ይቆማል፣ ከሰዓታት በኋላ የሚወጣው ውሃ ሌላ ውሃ ነው። ስለዚህ የፈረቃውን ቀንና መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደብተርሽ ላይ መዝግቢ። በየሰዓቱ እየቀዳሽ እንደ ፍሰቱ መጠን አደባልቀሽ የ24 ሰዓት ናሙና ብትሠሪ ከሁሉ ይሻላል። ናሙናውን በበረዶ ያዢው፣ መኪና ውስጥ ሙቀት ላይ ከዋለ ላብራቶሪ ከመድረሱ በፊት ከቢኦዲው የተወሰነው ተበልቷል።

ወቅቱንም አትርሺ። 300 ሊትሩን የለካሽው ኅዳር ላይ ነው ብለሻል። የካቲትና መጋቢት ላይ 100 ሊትር ቢሆንስ? ፍሳሹ ግን ያው 50 ነው። ቅልቅሉ ቢኦዲ ከ30 ወደ 57 ይዘላል፣ ሙሉው 83። ሞዴል የሚሠራው ለዚህ ክፉ ጊዜ ነው። ሌላው ክፉ ጊዜ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ነው። በጋውን ሙሉ የተኛውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ያነሳዋል፣ በየቦዩ የተጠራቀመውንም ጠርጎ ያመጣዋል፣ ለጥቂት ሰዓታት ጅረቱ ይታፈናል። ያንን ግን በዚህ ቀመር አትይዥውም፣ ቀመሩ ሁሉ ነገር በማይለዋወጥበት ሁኔታ ላይ የቆመ ነው።

ኬ-ኤ ሁሉንም ነገር እንደሚወስን አይተሻል፣ እሱ ደግሞ በፍጥነትና በጥልቀት ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ገንዘብሽንና ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውዪ። ብርቱካን ግዢ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ አይገፋውም፣ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል። 20 ሜትር በሜትር ለክተሽ ልቀቂው፣ በስልክሽ ሰዓቱን ያዢ፣ አምስት ጊዜ ድገሚና አማካይ ፍጥነቱን በ0.85 አባዢው፣ ላይኛው ውሃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን ነው። ጥልቀቱን በአንድ ቦታ ሳይሆን ጅረቱን እያቋረጥሽ በየግማሽ ሜትሩ ለኪ። ለረጅሙ ጉዞ ደግሞ ጨው ይሻላል። ሁለት ሦስት ኪሎ ጨው በባልዲ አሟሚና በአንድ ጊዜ ድፊው፤ ጥቂት መቶ ሜትር ወረድ ብሎ አንድ ሰው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ መጠን በየ10 ሰከንዱ ያንብብ። ጨዉ ሲደርስ ቁጥሩ ይወጣል፣ ያልፍና ይወርዳል። ከዚያ የጉዞውን ጊዜ ብቻ ሳይሆን የፍሰቱን መጠንም ታወጪያለሽ።

ስትሄጂ በዓይንሽም እይ። ውሃው ከድንጋይ ላይ እየተፈጠፈጠ የሚወርድበት ቦታ ካለ ለብቻው መዝግቢው፣ አንዲት ትንሽ ፏፏቴ ብዙ ሜትር ለጥ ካለ ጅረት የበለጠ አየር ታስገባለች። የኦሞ አረፋ ተከምሮ ካየሽ ደግሞ ሳሙናው አየር እንዳይገባ ስለሚያደናቅፍ የኬ-ኤን 7.6 ዝቅ አድርጊ። ከመልቀቂያው ሥር ወዲያው አትቅጂ፣ ፍሳሹ ገና ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፤ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ለክተሽ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ውረጂ።

ኤክሴሉን እዚህ ድረስ ካስተካከልሽ በኋላ ኳል2ኬ ወደሚባለው የወንዝ ውሃ ጥራት ሶፍትዌር ብትሄጂ ጥሩ ነው። ነፃ ነው፣ ፊቱም ኤክሴል ነው፣ አሞኒያውን፣ ዝቃጩንና አልጌውን ይቆጥራል፣ የቀንና የሌሊቱንም ልዩነት ያወጣል፣ ኦክስጅን ሲያልቅም መብላቱን ራሱ ያቀዘቅዛል። ከፍታውን መሙላት እንዳትረሺ። በእጅሽ ሳትሠሪው በፊት ግን አትጀምሪው፤ ስሌቱን የማያውቅ ሰው ሶፍትዌር ሲያዋሸው አያውቅም።

ለአማካሪሽ በአክብሮት እንዲህ በያቸው። ሞዴሉ ተሳስቷል ያሉት ልክ ነው፣ ምክንያቱንም አግኝቼዋለሁ፣ ኬ-ኤና ሙሌቱ ናቸው። ጅረቱ ደህና ነው የሚለውን ግን የንጋቱን ለክቼ ልምጣና እንነጋገር። እሳቸውም ቁጥር ካዩ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

የገበሬዎቹን ጥያቄ ደግሞ በዚህ ሞዴል አትመልሺው። ኦክስጅን አገገመ ማለት ጀርሙ ሞተ ማለት አይደለም። ኦክስጅኑ 6 በሆነበት ውሃ ውስጥ የሰገራ ባክቴሪያና የወስፋት እንቁላል በደንብ ይኖራል፤ ከላይ ፋብሪካ ካለም ከባድ ብረቶቹ ከኦክስጅኑ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። «ተማሪዋ ለክታው ደህና ነው ብላለች» የሚል ወሬ ሰፈሩን ከዞረ በኋላ መመለሻ የለውም። የሚጠይቁሽን ለዚህ ሌላ ምርመራ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ንገሪያቸው፣ እስከዚያው በጥሬው የሚበላውን፣ በተለይ ሰላጣውን፣ በዚያ ውሃ ባያጠጡ። ተቀቅሎ የሚበላው ጎመን አደጋው ይቀንሳል፣ ከጀርሙ በኩል። ጅረት ውስጥ የሚቆሙት ልጆችም ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የንጋቱን ቁጥርና የአሞኒያውን ውጤት ስታገኚ ላኪልኝ፣ ኤክሴሉን አብረን እንደገና እንሞላዋለን።